ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘጎጃምና የመንቆረሩ የድንጋይ ቤት

ከጮቄ ተራራ በስተደቡብ፥ ነፋሱ በማያርፍበት ደጋ ላይ፥ ቀድሞ መንቆረር ኋላም ደብረ ማርቆስ በተባለችው ከተማ፥ ከድንጋይ የታነፀ የንጉሥ ግቢ ይገኛል። የግቢው ጌታ ሠላሳ ዓመት ያህል በኮርቻ ላይ የኖሩ፥ በእልፍኝ ካደሩት ይልቅ በድንኳን ያደሩት ሌሊት የሚበዛ፥ ታላቅ ሽንፈትና ታላቅ ጥፋት አይተው እንደ ገና ወደ ቤታቸው የተመለሱ የጦር ሰው ነበሩ። ስማቸውም አስቀድሞ ራስ አዳል ተሰማ፥ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባለ። የእኒህን ሰው ሕይወት በሰልፋቸው ብቻ የሚመዝን ሰው ፍርዱ ጐዶሎ ይሆንበታል። ከዐባይ ማዶ በሰይፍ የያዙት አገር በሕይወታቸው ሳሉ ከእጃቸው ወጥቷልና፤ በድንጋይ ያቆሙት ግን ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ጌቶች ሁሉ ተቀምጠውበታል።

የተወለዱት በ1839 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው ደጃዝማች ተሰማ ጎሹ፥ አያታቸውም ጎጃምንና ዳሞትን የገዙት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። ከዚህ ቤት መወለድ ክብር ብቻ አልነበረም፤ ዕዳም ነበረበት። ደጃዝማች ጎሹ በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ላይ ከደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት ጋር ተዋግተው ወደቁ። የአዳል አጎት ደጃዝማች ብሩ ጎሹም ተማርከው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሁሉ በእስራት ኖሩ። ከዚያ በኋላ የጎጃምን ሸፈታ የመሩት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ነበሩ፤ አፄ ቴዎድሮስም በኃይላቸው ዘመን እንኳ እርሳቸውን ፈጽመው ሊያሳርፉ አልቻሉም። ስለዚህ አዳል ልጅ ሆነው ያዩት አገር ወታደር የሚመላለስበት፥ ባላገሩም ለማን እንደሚገብር ያልለየበት አገር ነበረ።

በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የላስታው ዋግ ሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ወጣቱን አዳልን ወደ ራሳቸው አቅርበው እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንን ዳሩላቸው። የዚያን ዘመን ጋብቻ ከቃል ኪዳን የሚቈጠር ነበረና በዚህ ሥራ የላስታና የጎጃም ቤቶች ተሳሰሩ። ነገር ግን አፄ ተክለ ጊዮርጊስ በ1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ድል ሆኑ፤ ድል አድራጊውም በጥር 1864 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው በአክሱም ዘውድ ጫኑ። አዳል ያን ጊዜ የወደቀው ንጉሥ አማች ሆነው ቀሩ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት አስቀድመው ጎጃምን የሰጡት ለደጃዝማች ተድላ ጓሉ ልጅ ለራስ ደስታ ነበረ። አዳል ግን ከደስታ ጋር ተዋግተው አሸነፉ። አፄ ዮሐንስም የሆነውን ነገር አይተው፥ ሰውየውን በጦር ከማሳደድ ይልቅ በሹመት መያዝ እንዲሻል ዐውቀው፥ ራስ ብለው ጎጃምን አጸኑላቸው። ይህ የአፄ ዮሐንስ ጥበብ ነው፤ ኃይለኛውን ሰው ከአገሩ ሳያፈልሱ ለራሳቸው ሰው ያደርጉታል።

ራስ አዳል መቀመጫቸውን በመንቆረር አደረጉ። በዘመኑ የጎጃም ታላላቅ ሰዎች ቤት ክብ ነበረ፤ ማገሩ ወይራና ጽድ፥ ግድግዳው ጭቃ፥ ክዳኑም ሣር። ጌታው ሰፈሩን ባዛወረ ጊዜ ቤቱ ለነፋስና ለምስጥ ይተዋል፤ ሌላውም ባንድ ክረምት ይሠራል። የድንጋይ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ድንጋዩን የሚፈነቅል፥ የሚጠርብ፥ የሚያጓጕዝ ሰው ያስፈልገዋል፤ ይልቁንም ባለቤቱ ከዚያ ስፍራ እንዳይነሣ ያስገድደዋል። በድንጋይ የሚሠራ መስፍን ለዘሩ እንጂ ለክረምቱ አያስብም። በዚያው ዘመን አፄ ዮሐንስ በመቀሌ ናሬቲ በሚባል ኢጣልያዊ ጠራቢ እጅ ቤተ መንግሥታቸውን አሠርተዋል፤ ንጉሥ ምኒልክም ከአንኮበር ወጥተው ወደ እንጦጦ ሄደው ከተማ ቈርቍረዋል። የመንቆረሩም ግቢ ከእነዚህ ጋር እኩያ ነው፤ እያንዳንዱ መስፍን በየፊናው ድንኳኑን ነቅሎ ሥር የሚሰድድበትን ቦታ ይሻ ነበረ።

ከቤቱ ይልቅ የከተማይቱን ዕድል የለወጠው ግን ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ራስ አዳል በመንቆረር የወንጌላዊውን የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አቆሙ፤ ከ1872 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ከተማይቱ በርሱ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። የቅዱስ ማርቆስ ስም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እርሱ የእስክንድርያ መንበር መሥራች ነውና፥ አገራችን እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሊቀ ጳጳሷን ከዚያ መንበር ስትቀበል ኖራለች። ጊዜውም ልብ ሊሉት የሚገባ ነው። የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በ1870 ዓ.ም. ተፈጽሞ፥ በጎጃም ገዳማትና አድባራት ለብዙ ዘመን ሲከራከሩበት የኖሩት የሃይማኖት ነገር በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የተቈረጠው ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ ነበረ። ዲማ ጊዮርጊስን፥ ደብረ ወርቅንና ደብረ ኤልያስን የመሰሉ የቅኔና የመጻሕፍት አገሮች ባሉበት ምድር አዲስ ደብር መትከልና ካህናትን በርስት ማቋቋም ከአንድ ጌታ ጸሎት የሚያልፍ ሥራ ነበረ። በዙሪያዋ የጽሕፈትና የዜማ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ገበያውም፥ ሸንጎውም፥ ሠራዊቱም እርስዋን ማዕከል አደረገ። ሚያዝያ 30 ቀን የወንጌላዊው በዓል ሲደርስ ባላገሩ ከየአቅጣጫው ወደ ከተማይቱ የሚወጣው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

በጥር 1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ዘውድ ጫኑላቸው። በሚከተለው ዓመት ገደማ ከግብፅ ከመጡት ከአራቱ ጳጳሳት መካከል አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ተሰጡ። ሹመቱ ትልቅ ክብር ነበረ፤ ነገር ግን በውስጡ ወጥመድ ነበረበት። ንጉሥ ምኒልክ ከመጋቢት 1870 ዓ.ም. ጀምሮ የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸንቶላቸው ነበርና፥ ንጉሠ ነገሥቱ የጎጃሙን ዘውድ በሸዋው አንጻር አቆሙት። ከፋም ያን ጊዜ በራሱ ንጉሥ ይገዛ ነበረ፤ ስለዚህ የተሰጠው ዘውድ ገና ያልተያዘ አገር ዘውድ ነበረ። ወደ ከፋ የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ በዐባይ ማዶ በኦሮሞ አገር ያልፋል፤ በዚያም የሸዋው ራስ ጎበና ዳጬ በምኒልክ ስም ግብር ይሰበስቡ ነበረ።

የነገሩን ሥር ለማወቅ የሚሻ ሰው ከመንቆረር ብዙ ሳይርቅ ወደ ነበረው የየጁቤ ገበያ ማየት ይበቃዋል። ከደቡብ የሚመጣው ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ቡና በዚያ ያልፍ ነበረ፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበረ። የዚህን ንግድ ቀረጥ የያዘ ነፍጥ ይገዛል፤ ነፍጥ የገዛም ዘውዱን ይጠብቃል። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መኰንን ራስ ደረሶ ዐባይን እየተሻገሩ ያዘመቱት ሠራዊት ያመጣው ሀብት ከዚህ እንባ ጋር የተቀላቀለ መሆኑን መሸሸግ ለታሪክ አይገባም። እግዚአብሔር ግን ከዚያ ወገን መልካም ፍሬ አውጥቷል፤ ከዐባይ ማዶ ከኦሮሞ ወገን በልጅነታቸው መጥተው በጎጃም ያደጉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ሥዕል ሣሉ፥ የጎጃምንም ታሪክና ትውልድ ጻፉ። ዛሬ የጎጃም መሳፍንት ታሪክ የሚታወቀው በአብዛኛው በእርሳቸው ብርዕ ነው።

ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. የሁለቱ ነገሥታት ሠራዊት በሆሮ ጉድሩ በእምባቦ ሜዳ ተገናኘ። ሰልፉ ጽኑ ነበረ፤ በፍጻሜውም የራስ ጎበና ፈረሰኞች ድሉን ወደ ሸዋ አዘነበሉት። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቈስለው ተማረኩ። ዘውድ ከጫኑ ገና ዓመት ከመንፈቅ አልሞላቸውም ነበረ። ምኒልክ ቍስላቸውን አስጠግነው በክብር ያዙአቸው፤ ይህም ደግነት ከድሉ ያላነሰ ሥራ ሠራ፤ በሁለቱ መካከል በኋላ የታየው መተማመን ከዚያ ድንኳን የበቀለ ነውና። አፄ ዮሐንስ ግን ሳያስፈቅዱአቸው በመዋጋታቸው ሁለቱንም ተቈጡ። ምርኮኛውን አስለቅቀው ወሎን ከምኒልክ፥ አገው ምድርንም ከተክለ ሃይማኖት ወሰዱ። ከዐባይ ማዶ ያለውም አገር ከዚያ ወዲህ የሸዋ ሆኖ ቀረ።

ንጉሡ ወደ መንቆረር የተመለሱት እንግዲህ ቍስላቸው ሳይጠግግ፥ ግዛታቸው ጐድሎ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ግን ለአገሩ የተሻሉ ነበሩ ማለት ይቻላል። ኮንት አውጉስቶ ሳሊምቤኒ የሚባል ኢጣልያዊ መሐንዲስ ወደ ጎጃም መጥቶ ነበርና፥ በንጉሡ ትእዛዝ በ1876ና በ1877 ዓ.ም. በጠምጫ ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ ሠራ። ጠምጫ በክረምት ሲሞላ ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደውን ሰው ያግድ፥ ብዙውንም ይወስድ ነበረ። በጎጃም ከፖርቱጋሎች ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አልታየም ነበር። ለባላገሩ የሚጠቅም ከንጉሡ ሥራዎች ሁሉ ምናልባት የሚበልጠው ይህ ነው፤ ቤተ መንግሥት ጌታውን ያሳድራል፥ ድልድይ ግን ጌታውንም፥ ነጋዴውንም፥ ለቅኔ ትምህርት ኰሮጆውን አንግቶ የሚሄደውን ተማሪም ያሻግራል። መሐንዲሱ በ1879 ዓ.ም. ዳግመኛ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ በራስ አሉላ እጅ ተያዘ፤ በኢጣልያና በኢትዮጵያ መካከል የነበረው ወዳጅነት በዚያው ወራት በዶጋሊ ተሰብሮ ነበርና።

በዚሁ በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ወደ ምዕራብ ዘምተው የመተማን ከተማ ከደርቡሾች እጅ ይዘው አቃጠሉ፤ አዛዥዋንም ገደሉ። ድሉ ትልቅ ነበረ፤ ነገር ግን የሱዳንን ቍጣ ቀሰቀሰ። በሚከተለው ዓመት አቡ አንጃ እጅግ ብዙ ሠራዊት አስከትቶ ወደ ደምቢያ ወጣ። ጥር 10 ቀን 1880 ዓ.ም.፥ ታቦታት ወደ ባሕረ ጥምቀት በሚወርዱበት በከተራው ዕለት፥ በሣር ውኃ ሜዳ ላይ የጎጃም ሠራዊት ድል ሆነ። ንጉሡ በጭንቅ አመለጡ፤ ከቤተ ሰባቸው ወገን ግን ተማርከው ወደ ሱዳን የተወሰዱ አሉ። ጎንደርም ተዘረፈች፥ ተቃጠለች፤ ከአብያተ ክርስቲያናቷ አብዛኞቹ ነደዱ፥ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት አንዷ ናት። ሬሳው በሜዳ ቀርቶ ክርስቲያኑ በባርነት ተነዳ። የዚያን ዓመት ጥምቀት በደምቢያ ያከበረ የለም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ከሽንፈቱ ይከፋል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደርቡሽን ብቻቸውን በመጋፈጣቸው፥ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት በምጽዋ በኩል ከኢጣልያ ጋር ተፋጥጦ ሳይደርስላቸው በመቅረቱ ልባቸው ሻክሮ ነበረ። ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በምስጢር ተላላኩ፤ በእምባቦ የተዋጉት ሁለቱ ነገሥታትም በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አንድ ሆኑ። አፄ ዮሐንስ ይህን ባወቁ ጊዜ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐባይን ተሻግረው ጎጃም ገቡ። ንጉሡ በአምባ ተጠጉ። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ግን አምባውን ሳይሆን እርሻውን ነው የወጋው። ያልታጨደው አዝመራ ተበላ፥ ጎተራው ተከፈተ፥ ከብቱ ታረደ፥ ቤቱ ተቃጠለ፤ ሰውም ወደ ዱርና ወደ ገደል ተሰደደ። የጎጃም ባላገር የሁለት ነገሥታትን ምስጢር አላማከረም፤ ደብዳቤ አልጻፈም፥ ቃል አልገባም፤ ዕዳውን የከፈለው ግን እርሱ ነው። ከዚህ ጥፋት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ነጻ ማድረግ አይቻልም፤ አፄ ዮሐንስንም እንዲሁ። አንደኛው በአገሩ ላይ ቍጣ ጠራ፥ ሁለተኛው ቍጣውን በድኻው ላይ አፈሰሰ። በመጨረሻ ንጉሡ ከአምባ ወርደው ምሕረት ለመኑ፥ ተማሩም። አፄ ዮሐንስ ግን ከዚያ ብዙ ሳይቈዩ ወደ መተማ ዘምተው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ቈስለው ዐረፉ።

የተበላው አገር ሳያገግም ክፉ ቀን መጣ። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ደጋውንና ቈላውን ዞረ፤ የአገሪቱ አብዛኛው ከብት አለቀ። በሬ የሌለው ገበሬ በዶማ ቈፈረ፤ ዝናቡም ቀረ፥ አንበጣና ተምችም ተከተለ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቈየው ይህ ረኃብ በኢትዮጵያ ሁሉ የወረደ ቢሆንም፥ ጎጃም የገባችበት ግን ጎተራዋ አስቀድሞ ባዶ ሆኖ ነው። በእነዚያ ዓመታት የመንቆረሩ የድንጋይ ቤት ስለ ምን ዓይነት ግብር እንደ ተቀመጠ መገመት አያስቸግርም። በዙሪያው ያሉት የሣር ክዳኖች ነድደው እርሱ መቆሙ ለባለቤቱ ክብር ብቻ አልነበረም፤ ወቀሳም ነበረ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለአፄ ምኒልክ ገብተው ዘውዳቸው ጸናላቸው። ከዚያ በኋላ አልሸፈቱም። ይህን ፍርሃት ነው የሚሉ አሉ፤ እምባቦን፥ ሣር ውኃንና የ1881ን ጥፋት ያየ ሰው ግን ጦርን ከፈሪ በተሻለ ምክንያት ሊጠላ ይችላል። ጦር በተገባ ጊዜ ደግሞ አልቀሩም። በ1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ በተነገረ ጊዜ የጎጃምን ሠራዊት ይዘው ወደ ትግራይ ዘመቱ፤ የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ከአፄ ምኒልክ፥ ከእቴጌ ጣይቱ፥ ከራስ መኰንን፥ ከራስ መንገሻና ከራስ አሉላ ጋር በአንድ ቀን ተሰለፉ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ወደ ሃምሳ ይጠጋ ነበረ። ስምንት ዓመት አስቀድሞ እርስ በርሳቸው የተበላሉት የጎጃም፥ የሸዋና የትግራይ ሰዎች በዚያ ጧት ባንድነት ቆሙ። ድልድያቸውን ኢጣልያዊ የሠራላቸው ንጉሥ ኢጣልያን ሊወጉ መዝመታቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ የእጅን ሙያ መቀበልና አገርን መስጠት ሁለት ነገር ነውና።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው ጥቂት ነው። ከፋን በ1889ና በ1890 ዓ.ም. መካከል ያስገበሩት የአፄ ምኒልክ መኰንን ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሆኑ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል የከፋ ንጉሥ የሚለውን ስም ይዘው የኖሩት የመንቆረሩ ጌታ አገሩን ለአንድ ቀን እንኳ ሳይገዙ፥ ሌላው ሲይዘው በዐይናቸው አዩ። ጥር 2 ቀን 1893 ዓ.ም. ዐረፉ። ጎጃምን የገዙት ከራስነታቸው ጀምሮ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ነው።

አፄ ምኒልክም ለጎጃም ሌላ ንጉሥ አላነገሡም። ግዛቱ ተከፋፈለ፤ የንጉሡ ልጅ ራስ በዛብህና ራስ መንገሻ አቲከም ከተሾሙት መካከል ነበሩ። በዛብህ በኋላ ታሰሩ፤ ወንድማቸው፥ አስቀድሞ ሥዩም የተባሉት ራስ ኃይሉ፥ የአባታቸውን አገርና የአባታቸውን ቤት ወረሱ። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዐይተው ተመለሱ፤ ከዚያም በ1918 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥቱን በአውሮፓ ሥርዓት አሳደሱት። ሀብታቸው ብዙ ነበረ፤ የግብራቸውም ክብደት በባላገሩ አፍ ገና አልተረሳም። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከግዞት ባመለጡ ጊዜ ረድተዋል ተብለው ተሽረው ታሰሩ፥ ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ።

በጠላት ወረራ ዘመን ደብረ ማርቆስ የኢጣልያ ጦር መቀመጫ ሆነች። የጎጃም አርበኞች በየዱሩ ሲዋጉ፥ በመጨረሻ ራስ ኃይሉ በጠላት ወገን ሆነው ከአባታቸው ከተማ ገብተው ነበረ። በመጋቢት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ሠራዊት ከተማይቱን ለቅቆ ወደ ዐባይ ሸሸ። በዚያው ወር በ28ኛው ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ የተክለ ሃይማኖትም ልጅ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቀርበው ገቡ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ዐባይን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ ጕዞአቸውን ቀጠሉ።